የሰበር ውሳኔ የሚያስገድደው ምኑ ነው?

እንደምን አመሻችሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሕግ ተማሪዎች አሉ፣ ጠበቆች አሉ፣ አንድ ሁለት ዳኞችም አይቻለሁ። የፍርድ ቤት ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ ሰዎችም እንዳሉ ተነግሮኛል። ዕድለኞች ናችሁ። ንግግሩን ያዘጋጀሁት በዋናነት ለእናንተ ነው፤ የሕግ ሰዎቹ ታገሡኝ።

ጥያቄው ይህ ነው። አንድ ዳኛ ከእሱ በፊት በሌላ ሰው ጉዳይ ላይ የተሰጠን ውሳኔ የመከተል ግዴታ አለበት? ካለበትስ የሚከተለው ከውሳኔው ውስጥ የትኛውን ክፍል ነው? ነገሩ የጠበቆች ጨዋታ ይመስላል። ግን ቤት የገዛ፣ የተፋታ፣ ውርስ የተካፈለ፣ ከሥራ የተሰናበተ ሰው ሁሉ ሳያውቀውም ቢሆን የዚህ ጥያቄ መልስ ነክቶታል።

ከቤት ሽያጭ ልጀምር። ሻጭና ገዢ በደላላ ይገናኛሉ። ዋጋ ይቆረጣል። ሰፈር ውስጥ ውል በመጻፍ የታወቀ ሰው ይጠራል፤ አሳምሮ ይጽፍላቸዋል። ምስክሮች ይፈርማሉ፣ ብር ይቆጠራል፣ ቁልፍ ይሰጣል፣ ምርቃት ይከተላል። ገዢው ገብቶ ይኖራል። አጥሩን ያድሳል፣ ከጓሮ ሰርቪስ ቤት ይጨምራል። ዓመታት ያልፋሉ። የቤት ዋጋም ሦስት አራት እጥፍ ይሆናል። ከዚያ አንድ ቀን ሻጩ ክስ ይዞ ብቅ ይላል። «ውሉ ለማዋዋል ሕጋዊ ሥልጣን ባለው ውል አዋዋይ ፊት አልተደረገም፤ ፈራሽ ነው። ገንዘብህን ውሰድና ቤቴን ልቀቅ» ይላል።

ሕጉ ምን ይላል? ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን ባለቤትነት የሚመለከት ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግም ያዝዛል። ያው ሕግ ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ለብቻው በሚናገርበት ክፍል፣ በቁጥር 2877፣ የሚጠይቀው ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን ነው። እዚያ ቦታ ላይ ስለ ውል አዋዋይ አያነሳም።

ታዲያ የትኛው ይሠራል? አንዱ ዳኛ «2877 ልዩ ድንጋጌ ነው፣ ልዩው ከጠቅላላው ይቀድማል፣ ስለዚህ ጽሑፍ ይበቃል» ብሎ ለገዢው ይፈርዳል። ሌላው ደግሞ «2877 ጽሑፍን ጠየቀ እንጂ 1723ን አልሻረም፣ ሁለቱ አብረው ይነበባሉ» ብሎ ለሻጩ ይፈርዳል። ሁለቱም ሕጉን አንብበዋል። የሁለቱም ክርክር ያሳምናል። የገዢው ዕጣ ፈንታ ግን መዝገቡ ለየትኛው ችሎት ተመራ በሚለው ላይ ተንጠለጠለ።

አበው «በፍትሕ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍትሕ የሄደች ጭብጦዬ» ይላሉ። ሰው በሕግ ተረትቶ ቤቱን ቢያጣ ያመዋል። ጎረቤቱ በዚያው ዓይነት ውል፣ በዚያው ሕግ ቤቱን ይዞ ሲቀር ማየት ግን ይበልጥ ያንገበግባል። የቀደመን ውሳኔ የመከተል ሐሳብ የሚነሳው ከዚህ ነው።

በ1999 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ የመጨረሻ ፍርድ ውስጥ ያለ የሕግ ስህተትን የሚያርመው ችሎት፣ በመዝገብ ቁጥር 21448 ነገሩን ቆረጠው። ቁጥር 1723 ይሠራል፤ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት ያልተደረገ የቤት ሽያጭ ውል በሕግ ፊት አይጸናም አለ። ይህ ትርጉም በአገሪቱ ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ የሚያስገድድ ሆነ። ውሳኔው ደግ ነው ወይስ ክፉ ወደሚለው እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን በአንድ መዝገብ ላይ የተሰየሙ አምስት ዳኞች የጻፉት ነገር የአገሩን ዳኛ ሁሉ ሊያስር የቻለው እንዴት ነው?

ሕግ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ገና ከጅምሩ የሚነገረው ዓለም በሁለት የሕግ ሥርዓት የተከፈለች መሆኗን ነው። በአንድ ወገን እንግሊዝና አሜሪካ አሉ። እዚያ ዳኛው ሕጉን ከቀደሙ ፍርዶች ጭምር ያወጣል። በሌላ ወገን ፈረንሳይና እሷን የተከተሉ አገሮች አሉ። እዚያ ሕግ አውጪው በኮድ፣ ማለትም በአንድ የሕግ መድበል፣ ጽፎ ይሰጣል፣ ዳኛው ይተረጉማል፣ ትርጉሙም ከመዝገቡ አይወጣም። የእኛን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ስለዚህ እኛ ከሁለተኛው ወገን ነን፣ የቀደመ ፍርድ እኛ ዘንድ ቦታ የለውም ተባለ። ይህን አባባል ዛሬም የሚደግም አይጠፋም።

ታሪኩ ግን እንዲህ ጥርት ያለ አልነበረም። በ1955 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 195፣ በአንቀጽ 15፣ የበታች ፍርድ ቤቶች በሕግ ጉዳይ የበላይ ፍርድ ቤቶችን ውሳኔ እንዲከተሉ ይደነግግ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከወጣ ገና ሦስት ዓመቱ ነው! ችግሩ ሌላ ነበር። ዳኛው የሚከተለውን ውሳኔ ከየት ያገኘዋል? የዩኒቨርሲቲው የሕግ ፋኩልቲ በ1950ዎቹ ማሳተም የጀመረው የኢትዮጵያ የሕግ መጽሔት የተመረጡ ፍርዶችን ያወጣ ነበር። ከዚያ ውጭ ፍርድ የሚኖረው መዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ነው። አቧራ የሚጠጣ ውሳኔ ማንንም አያስገድድም።

ሰበር ዛሬ በምናውቀው መልኩ የመጣው በ1980 ዓ.ም. በኢሕዲሪ (በኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ጊዜ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 80 ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበትን የመጨረሻ ውሳኔ በሰበር አይቶ የማረም ሥልጣን ሰጠ። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በ1997 ዓ.ም. ነው። አዋጅ ቁጥር 454 ወጣ። አጭር አዋጅ ናት፣ ገጽ አትሞላም ማለት ይቻላል። ያመጣችው ነገር ግን ከባድ ነው። ሰበር ሰሚ ችሎቱ ከአምስት ያላነሱ ዳኞች ተሰይመው የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ የፌዴራልም የክልልም ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል አለች። ውሳኔዎቹ ታትመው እንዲሠራጩም አዘዘች። ለእኔ ከሁለቱ ትልቁ ነገር የኅትመቱ ትእዛዝ ነው። ዛሬ ከ20 በላይ ቅጾች አሉን።

ነገሩን አስቡት። የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 5 ዳኞች ለሁሉም የሚሆን ጠቅላላ ደንብ አድርገው እንዳይፈርዱ ይከለክላል። ኮዱን ከዚያ ቤት ያመጣን እኛ ደግሞ ለአምስት ዳኞች አገር የሚያስር ቃል ሰጠን። በወረቀት ላይ ካየነው ከፈረንሳይ ይልቅ ወደ ለንደን ቀርበናል።

ፍርድ ቤት ለማያውቁት አንድ ነገር ላብራራ። ሰበር ሦስተኛ ይግባኝ አይደለም። ምስክር እንደገና አይሰማም። «ብሩን ቆጥሬ ሰጥቼዋለሁ፣ አልተቀበልኩም ይላል» የሚል ክርክር እዚያ ቦታ የለውም። ይህ የፍሬ ነገር ክርክር ነው፣ ሥር ፍርድ ቤት ያበቃል። ሰበር የሚያየው ሕጉ በትክክል ተተርጉሟል ወይ የሚለውን ብቻ ነው። አቤቱታው መጀመሪያ ለሦስት ዳኞች ይቀርባል። እነሱ «ያስቀርባል» ካሉ ወደ አምስቱ ይሄዳል። «አያስቀርብም» ካሉ መዝገቡ ይዘጋል። ብዙ ባለጉዳይ ልቡ የሚሰበረው በዚህች በሁለተኛዋ ቃል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። አዋጁ ያስገደደው የሕግ ትርጉሙን ነው። ማን አሸነፈ፣ ማን ተሸነፈ የሚለው ባለጉዳዮቹን ብቻ ይመለከታል። ይህን በቃል ሁላችንም እናውቀዋለን። በተግባር ግን በየችሎቱ የምናየው ሌላ ነው።

በሕግ ሰዎች ዘንድ በጣም የታወቀ መዝገብ አለ፤ ቁጥር 23632። አንድ ልጅ ነበር፣ ያሳደገችው አክስቱ ናት። አባት መጣና ልጄን ስጡኝ አለ። ሥር ፍርድ ቤቶች አባት ነው፣ መብቱ ነው ብለው ፈረዱለት። ሰበር ግን ሻረው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጆችን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ ሁሉ የልጁ ደኅንነት ቀዳሚ መሆን አለበት ይላል፤ ኢትዮጵያ የፈረመችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም የሕጉ አካል ነው አለ። ልጁም አክስቱ ዘንድ ይቆይ ተባለ። ዓለም አቀፍ ስምምነትን አንስቶ የቤተሰብ ክርክር ላይ በመጠቀም ረገድ መንገድ የከፈተ ውሳኔ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ውሳኔ ውስጥ አስገዳጁ የቱ ነው? አንድ ጠበቃ «ሰበር ከአባት ይልቅ አክስት ትቅደም ብሏል» ብሎ ሊከራከር ይችላል። እንዲህ ያለ ክርክር ሰምቼ አውቃለሁ። ሰበር ይህን አላለም። ያለው ዳኛው የወላጅን መብት ብቻ አይቶ እንዳይወስን፣ መጀመሪያ የልጁን ጥቅም እንዲመረምር ነው። ነገ ሌላ መዝገብ ይመጣል። አባት አብሮት የኖረ፣ ያስተማረ፣ ያሳከመ ነው። አክስት ደግሞ ለሁለት ወር ልጠብቀው ብላ ወስዳ አልመልስም ያለች ናት። እዚህ ላይ የ23632ን ትርጉም በታማኝነት የሚከተል ዳኛ ልጁን ለአባቱ ይሰጣል። ውጤቱ የተገላቢጦሽ ነው። የተከተለው ግን ያንኑ ውሳኔ ነው።

ቁጥር ብቻ ይዞ መከራከር የጎረቤትን የሐኪም ማዘዣ ይዞ ፋርማሲ እንደመሄድ ነው። መድኃኒቱ ትክክለኛ መድኃኒት ነው። በሽታው ግን ያንተ ላይሆን ይችላል።

ለዚህ ልማድ ያደረሰን ምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ስንፍና ነው፤ እኛ ጠበቆች እንመን። ቅጾቹ ወፍራም ናቸው። ቴሌግራም ላይ ደግሞ የእያንዳንዱ ውሳኔ ጭማቂ በሁለት መስመር ይለጠፋል። «ሰበር እንዲህ አለ፣ መ.ቁ. ይህን ያህል።» ኮፒ፣ ፔስት፣ መልስ ላይ መለጠፍ። ሁለት መስመሯን የጻፈው ማን ነው? ውሳኔውን እስከ መጨረሻው አንብቧል? ማንም አይጠይቅም። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ካሉ ጽሕፈት ቤቶች በሚወጡ ማመልከቻዎች ላይ አንዳንዴ እስከ አምስት ቁጥር ተደርድሮ ታያላችሁ። ከአምስቱ ሁለቱ ጭራሽ ስለ ሌላ ነገር የሚያወሩ ይሆናሉ።

ሌላው ምክንያት ግን ከባድ ነው፤ የሚመለከተውም ሰበርን ራሱን ነው። ብዙዎቹ ውሳኔዎች የሥር ፍርድ ቤቶችን ሐተታ በሰፊው ይተርካሉ። ከሳሽ እንዲህ አለ፣ ተከሳሽ እንዲህ መለሰ፣ የከፍተኛው ፍርድ ቤት እንዲህ አጸና፣ አመልካች እንዲህ አቤት አለ። አንባቢው ገጽ ሲገልጥ ይቆይና «እኛም መዝገቡን መርምረናል» የሚለው ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ምክንያት አንዳንዴ ከአንድ አንቀጽ አያልፍም። አገር የሚያስረው ግን ያ አንቀጽ ነው። ምክንያቱ ሲያጥር አንባቢው ውጤቱን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ምን ያድርግ?

የሥር ዳኞችም ፈርተዋል። አሁን በሥራ ላይ ያለው የ2013ቱ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ከአስገዳጅ የሰበር ትርጉም ጋር የሚቃረን ውሳኔ መስጠትን ራሱን ከመሠረታዊ የሕግ ስህተት ይቆጥረዋል። ዳኛው ቁጥሩን ሲያይ ይደነግጣል። ጉዳዩ ይለያል ብሎ ከመጻፍ መከተሉ ይቀለዋል። አዋጁ ግን የማይመሳሰለውን መዝገብ ተከተል አላለውም። ማድረግ ያለበት ሰበር ያየው ፍሬ ነገር ምን እንደነበር፣ የተያዘው ጭብጥ፣ ማለትም ሊወሰን የሚገባው የክርክሩ ጥያቄ፣ ምን እንደሆነ፣ የተተረጎመው አንቀጽ የትኛው እንደሆነ ለይቶ፣ ከፊቱ ያለው መዝገብ በምን እንደሚለይ በግልጽ መጻፍ ነው። እንዲህ የጻፈ ዳኛ ቢሻርም እንኳ አያፍርም። ሰበርም ቢሆን የሚያርመው ነገር በጽሑፍ ያገኛል።

የዳኝነት ነጻነትስ? የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 79 ዳኞች ከሕግ በስተቀር በሌላ እንደማይመሩ ይናገራል። የሌላ ዳኛ ውሳኔ ሕግ ነው እንዴ? አዋጅ 454 ሲወጣ ይህ ክርክር ሞቅ ብሎ ነበር። የእኔ አቋም ይህ ነው። የሕግ ትርጉም ከሕጉ ተለይቶ የሚቆም ነገር አይደለም። ነጻነቱ የተሰጠው ዳኛው ከሹም፣ ከገንዘብና ከዘመድ ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲፈርድ ነው። እያንዳንዱ ዳኛ የራሱ የግል ፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲኖረው አይደለም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ምክር ቤት አንድ ሕግ ሲያወጣ ቢያንስ ረቂቁ ይታወቃል፣ ይወያዩበታል። አምስት ዳኞች ግን የሁለት ሰዎችን ክርክር ብቻ ሰምተው ሚሊዮኖችን የሚነካ ትርጉም ይሰጣሉ።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የጋብቻው ጉዳይ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 75 ጋብቻ የሚፈርስበትን ይዘረዝራል፤ ሞት ወይም የመጥፋት ውሳኔ፣ ጋብቻው ሁኔታዎችን ሳያሟላ በመፈጸሙ በፍርድ ቤት እንዲፈርስ መወሰኑ፣ ፍቺ። ሌላ የለም። ሕይወት ግን ሌላ አለው። ባልና ሚስት ይጣላሉ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ ይለያያሉ። አሥር አሥራ አምስት ዓመት በየፊናቸው ይኖራሉ። አንዱ ሌላ ትዳር ይመሠርታል፣ ይወልዳል፣ ቤት ይሠራል። ከዚያ ይሞታል። የመጀመሪያዋ ሚስት የጋብቻ ወረቀቷን ይዛ ትመጣለች። ሰበር እንዲህ ባለ ጉዳይ ጋብቻው በተግባር ቀርቷል የሚል ትርጉም ሰጠ።

ውጤቱን ልቤ ይቀበለዋል። ከሟች ጋር ጭቃ ያቦካችው፣ ቤቱን ያቆመችው ሁለተኛዋ ናት። ግን ሕግ አውጪው ሦስት ብሎ የዘጋውን ዝርዝር ፍርድ ቤት አራተኛ ጨመረበት። መለኪያውም አልተቀመጠም። ስንት ዓመት ሲለያዩ ነው ጋብቻው ቀረ የሚባለው? ሁለቱም ሌላ ትዳር መያዝ አለባቸው ወይስ አንዱ ይበቃል? ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ሄዳ ስምንት ዓመት የቆየች ሚስትስ? ገንዘብ ስትልክ ኖራለች እኮ። ለሥር ዳኛ «ረጅም ጊዜ» የሚል ቃል ብቻ ትተህለት ስትሄድ፣ ልታጠፋው የፈለግኸው መለያየት በሌላ በር ይመለሳል።

በወንጀል ነገር ግን ይህ ዓይነቱ ነጻነት የለም። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 2 በሕግ ያልተደነገገን ድርጊት በማመሳሰል ወንጀል ማድረግን ይከለክላል። ሰበርም ቢሆን አዲስ ወንጀል ሊፈጥር አይችልም።

ቃል በገባሁት መሠረት ወደ ቤቱ ሽያጭ ልመለስ። የ1999ኙ ውሳኔ አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው። ጠበቃ ለደንበኛው ቁርጥ ያለ ምክር መስጠት ቻለ። «ውልና ማስረጃ ሳትሄድ ብር እንዳትከፍል።» ከዚያ ወዲህ ለሚገዛ ሰው ይህ ወርቅ ነው። ከዚያ በፊት ለገዙት ግን ዱብ ዕዳ ሆነ። በ1993 ወይም በ1995 በመንደር ውል የገዛ ሰው ያኔ ፍርድ ቤቶች ራሳቸው የተከፋፈሉበትን ነገር እንዴት ሊያውቅ ይችላል? ዋጋው ሲንር ሻጮች ነቁ። የድሮውን ብር መልሰው የዛሬውን ቤት ለመውሰድ የሚያስችል በር ተከፈተላቸው። ፎርም፣ ማለትም ውሉ በምን መልክና በማን ፊት እንደሚደረግ የሚያዝዘው ደንብ፣ የተጻፈው ሰውን ከማጭበርበር ለመጠበቅ ነበር። እዚህ ላይ ለአጭበርባሪ መሣሪያ ሆነ ብለው ብዙ የሕግ ሰዎች ተቹት። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

በኋላ የመጡ ውሳኔዎች ጠርዙን አለዘቡት። ሻጩ መሸጡን ካልካደ፣ ብሩን መቀበሉንም ካመነ፣ ፎርም አልተሟላም በማለት ብቻ ከውሉ ማምለጥ የለበትም ወደሚል አዘነበሉ። ደስ የሚል ነው። ግን የሕግ ሰው ወዲያው ይጠይቃል። ይህ የቀደመው ትርጉም ተለወጠ ማለት ነው? ወይስ የቀደመው እንዳለ ሆኖ ጉዳዩ ስለተለየ ነው? መልሱ ለቤቱ ባለቤት የሞት የሽረት ነው። ተለውጧል ከተባለ 21448 ቀርቷል። ጉዳዩ ተለይቶ ነው ከተባለ ግን ሻጩ በካደበት ቦታ ሁሉ 21448 ዛሬም ይሠራል። ታዲያ ለሻጩ የሚያዋጣው መካድ ሆነ ማለት ነው! እውነት የተናገረ ይሸነፋል፣ የዋሸ ያሸንፋል። ይህን ክፍተት የፈጠረው ችሎቱ መንገዱን ሲያጠማዝዝ «እየለወጥኩ ነው» ወይም «እየለየሁ ነው» ብሎ በግልጽ አለመጻፉ ነው።

ትርጉም መለወጡ በራሱ ነውር የለበትም። የቀደመ ፍርድን እንደ ሃይማኖት ያከብራሉ የሚባሉትም ይለውጣሉ። ያኔ የእንግሊዝ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት የራሱን ውሳኔ ሊቀይር እንደሚችል በይፋ ያወጀው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1896 ጥቁርና ነጭን መለየት ሕጋዊ ነው አለ። በ1954 በትምህርት ቤቶች ጉዳይ ያንን አፈረሰው። በ1973 ውርጃን እንደ ሕገ መንግሥታዊ መብት የተቀበለበትን ውሳኔ ደግሞ በ2022 ሻረው። አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ ስለዚህኛው የስልክ ጭቅጭቅ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። እዚያ ግን አንድ ነገር አለ። ፍርድ ቤቱ ሲሽር «ሽሬያለሁ» ይላል፣ ለምን እንደሻረም በብዙ ገጽ ይጽፋል፣ የተቃወሙት ዳኞችም ቁጣቸውን በብዙ ገጽ ይጽፋሉ።

እኛ ዘንድ በአዋጅ 454 ጊዜ ሰበር ሌላ ጊዜ የተለየ ትርጉም ሊሰጥ ይችላል ከመባሉ በቀር፣ እንዴት እንደሚለውጥ የተጻፈ ሥርዓት አልነበረም። ስለዚህ አንዱ አምስት የሌላውን አምስት ቃል ሳያነሳ የሚያልፍበት ጊዜ ነበር። አዋጅ 1234 ይህን አሻሽሎታል። ቀድሞ የተሰጠ አስገዳጅ ትርጉም ሲለወጥ ከሰባት ያላነሱ ዳኞች መሰየም አለባቸው። እዚህ ያላችሁ ጠበቆች ይህን በር ብዙም አላንኳኳችሁትም። አንድ ትርጉም ስህተት ነው ብላችሁ ካመናችሁ አቤቱታችሁ ላይ ቁጥሩን ጠርታችሁ፣ ይለወጥ ብላችሁ፣ ምክንያቱን ዘርዝራችሁ ጠይቁ። ውሳኔውን እንዳላየ ሆኖ ዙሪያውን መዞር የትም አያደርስም።

ባለጉዳዮች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። «የእኔ መዝገብ ከዓመታት በፊት ተዘግቷል። አሁን ሰበር ለእኔ የሚሆን ትርጉም ሰጠ። እንደገና ይከፈትልኛል?» አይከፈትም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በቁጥር 5 የመጨረሻ ፍርድ ያገኘ ጉዳይ በዚያው ተከራካሪዎች መካከል እንደገና እንዳይነሳ ይከለክላል። በቁጥር 6 ፍርድ እንደገና የሚታይበት መንገድ አለ፤ ያ ግን እንደ ሐሰተኛ ሰነድ፣ ሐሰተኛ ምስክርነትና ጉቦ ላሉ ነገሮች ነው። አዲስ የሕግ ትርጉም ከእነዚህ ውስጥ የለም። መራራ ነው፣ አውቃለሁ። የሕገ መንግሥት ጥያቄ አለበት የምትሉት ጉዳይ ካለ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በኩል ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ይሄዳል። ሕገ መንግሥቱን በመተርጎም የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው፤ የሰበርን ውሳኔ የሻረበት ጊዜም አለ።

አንድ የቀረኝ የቋንቋ ጉዳይ ነው። ውሳኔዎቹ የሚጻፉትና የሚታተሙት በአማርኛ ነው። በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው፣ በትግራይ በትግርኛ፣ በሶማሌ በሶማሊኛ። በአማርኛ ሕግ ያልተማረ የወረዳ ዳኛ አንድ ቅጽ ተሰጥቶት ተከተል ቢባል ምን ያደርጋል? እዚህም መልሶ የሚደርሰው ሁለት መስመር ጭማቂ ነው፤ ያውም አንድ ሰው በራሱ ፈቃድ የተረጎመው። ሙሉውን ሐተታ በየክልሉ የሥራ ቋንቋ ማውጣት ገንዘብ ይጠይቃል፣ ሰው ይጠይቃል። ግን በ1955ቱ አዋጅ የነበረው ችግር ይኸው ነበር። ድንጋጌው አለ፣ የሚነበብ ነገር የለም።

እኔ ይብቃኝ፣ ማይኩ ወደ እናንተ ይምጣ። ጥያቄ ጠይቁ፣ ተቃወሙኝም። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልናገር። «የእኔ ጉዳይ ከዚህኛው መዝገብ ጋር ይመሳሰላል ወይ?» የምትሉኝ ካላችሁ ፋይላችሁን ሳላነብ አልመልስም።